«እግዚኦ መሐረነ»፦ ቃሉ ከየት መጣ? ስለምንስ 41 ጊዜ ይደገማል?

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ገበያ አስደንጋጭ ወሬ የሰማ ሰው ቀድሞ ከአፉ የሚወጣው ቃል «እግዚኦ!» ነው። የእህል ዋጋ መናሩን የሰማም፣ የጎረቤት ሞት የተረዳም እኩል ይለዋል። ዝናብ በቀረበት ወይም ተምች በቆሎውን በወረረበት ዓመት ግን ይኸው ቃል ከመደነቂያነት ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይመለሳል፤ ምሕላ ይያዛል።

ቃሉ ግእዝ ነው። «እግዚእ» ጌታ ማለት ሲሆን በመጨረሻ የሚጨመረው «ኦ» የመጥሪያ ምልክት ነው፤ «መሐረነ» ደግሞ ማረን ማለት ነው። ሙሉው ጸሎት «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሦስት ቃል ብቻ ነው። በምሕላ ጊዜ ካህናቱ መስቀል፣ ሥዕልና ጽና ይዘው ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራሉ፤ በየማዕዘኑ እየቆሙ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ሕዝቡም ቃሉን እየተቀበለ ይደግማል። ይህ ድግግሞሽ «እግዚኦታ» ይባላል። በገጠር ስለ ንስሐ ድንጋይ ተሸክሞ የሚቆም ገበሬም አለ። ማሳው ዝናብ ጠባቂ ለሆነ ሰው ይህ ሥርዓት ጌጥ አይደለም፤ የዓመት ቀለቡ ጉዳይ ነው።

እግዚኦታ እንደየሥርዓቱ 3፣ 12 ወይም 41 ጊዜ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው 41ዱ ነው። በግብጽ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት 39ኙ የጌታ ግርፋት፣ አንዱ የእሾህ አክሊል፣ አንዱ ጎኑ የተወጋበት ጦር መታሰቢያ ነው። አረጋውያን በጣታቸው የሚያንከባልሉት መቁጠሪያም ይህንኑ ቁጥር ይከተላል፤ 64 ፍሬ ያለውም አለ፤ እርሱ እመቤታችን በምድር የኖረችበት ዕድሜ ምሳሌ ነው።

የጸሎቱ ሥር ከወንጌል ይመዘዛል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ሁለት ዕውራን ሕዝቡ ዝም እንዲሉ ቢገሥጻቸውም ማረን እያሉ አብዝተው ጮኹ። በግሪክኛው «ኪርዬ ኤሌይሶን» የሆነው ይህ ልመና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢየሩሳሌም የማኅበር ጸሎት መልስ ሆኖ ነበር፤ ኤገርያ የተባለች ተሳላሚ ሕፃናት ሲመልሱት መስማቷን ጽፋለች። በዚያው ክፍለ ዘመን አቡነ ሰላማ ከእስክንድርያው አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብለው ወደ አክሱም መጡ። ኢትዮጵያ በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ እስክታገኝ ድረስ ግንኙነቱ ስላልተቋረጠ፣ የውጭው ቃል ከግእዙ ጎን ለጎን ኖረ።

በስቅለት ዕለት ቀኑን ሙሉ የሚሰማው «ኪርያላይሶን» ያው ግሪክኛው ነው። አብረውት የሚነገሩት ቃላት ደግሞ ለብዙ ሰጋጆች እንግዳ ናቸው። «ናይን» በቅብጥ ቋንቋ ማረን ማለት ነው፤ «እብኖዲ» ከዚያው ቋንቋ አምላክ ማለት ነው፤ «ታኦስ» በግሪክኛ አምላክ፣ «ትስቡጣ» ጌታ ናቸው። ሰጋጁ ሳያውቀው በአንድ ቀን በሦስት ቋንቋ ይለምናል።

ቃልን እየቆጠሩ መድገም የጎጃም ብቻ አይደለም። እስላሞች በዚክር ጊዜ መስበሐ ይቆጥራሉ፤ ዝናብ ሲጠፋም ለብቻው የተደነገገ ሶላት አላቸው። በህንድ ሂንዱዎች ዘንድ ደግሞ «ማንትራ» የሚባሉ ቅዱሳን ቃላት አሉ፤ ቃሉ የማሰቢያ መሣሪያ እንደ ማለት ነው። ጥንታውያኑ ከ3 ሺህ ዓመት በላይ እንዳስቆጠረ በሚነገርለት በሪግ ቬዳ ይገኛሉ፤ ከመጻፋቸው በፊት ለብዙ ትውልድ በቃል ተጠንተው የቆዩ ናቸው። ለፀሐይ አምላክ የሚቀርበው ጋያትሪ በንጋትና በምሽት ይደገማል፤ መቁጠሪያቸው 108 ፍሬ አለው። ሳንስክሪት እንደ ግእዝ ከገበያ ንግግር ወጥቶ በጸሎት የጸና ቋንቋ ነው። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም፦ በማንትራ ዘንድ የድምፁ ትክክለኛነት ራሱ ኃይል አለው ተብሎ ይታመናል፤ እግዚኦታ ግን ልመና ነው፤ የሚማረው ባለቤቱ እንጂ ቃሉ አይደለም።

ይህ ልዩነት በአገራችንም ያከራክራል። የማይታወቁ ስሞችን በብራና ጽፎ በአንገት ማሰር፣ ክታብ የሚባለው፣ በገጠሩ የቆየ ልማድ ነው፤ መምህራን ግን ቃልን እንደ መድኃኒት ሥር መያዝ ነው ብለው ይነቅፉታል። ወንጌልም ቢሆን በማቴዎስ ምዕራፍ 6 በከንቱ መደጋገምን ይከለክላል። ታዲያ 41 ጊዜ መባሉ ከዚህ አይቆጠርም? የዕውራኑ ጩኸት መልሱን ይሰጣል፤ የተነቀፈው ብዛቱ ሳይሆን ልብ የሌለበት ብዛት ነው። ስለዚህም «ናይን» ማለት ምን እንደሆነ ለልጆች መንገር የቄሱ ብቻ ሳይሆን የወላጅም ሥራ መሆን ይገባዋል፤ ቅኔ ቤቶቿ በሚታወቁባት ጎጃም ይህን የሚያስረዳ ሰው አይታጣም።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ፣ የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ሰሞን፣ በአገሪቱ የአንድ ወር ጸሎት ታወጀ። መሰብሰብ ያሰጋ ስለነበር ጸሎቱ በቴሌቪዥን ተላለፈ። በቅጥር ውስጥ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ይለው የነበረውን እግዚኦታ ያን ጊዜ ብዙዎች በየቤታቸው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ደገሙት።