ሶብር ህመምን መደበቅ አይደለም

ዛሬ የምንወያየው በየቤታችን እያለ እምብዛም ስለማናነሳው ጉዳይ ነው። ይኸውም መዳኛ ባልተገኘለት ህመም የተያዙ አረጋውያን ወላጆቻችን ስለሚሸከሙት ስቃይ ነው።

በሞጣ ከተማ አንድ የታመሙ አባት ልንዘይር ገባን። ዘያሪ ሁሉ "እንዴት ነዎት?" ሲላቸው መልሳቸው "አልሐምዱሊላህ" ብቻ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ጠጋ ብሎ "አባባ፣ ሌሊቱንስ? እንቅልፍ ወሰደዎት?" አላቸው። ዝም አሉ፤ እንባቸውም መጣ። "ልጄ፣ አጥንቴ ውስጥ እሳት አለ። ብናገረው ግን አላህን ማማረር እንዳይሆንብኝ ፈራሁ" አሉን።

ይህ ፍርሃት የብዙ አረጋውያን ፍርሃት ነው። ነገር ግን ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ) የደረሰባቸውን ጉዳት ለጌታቸው ተናግረዋል፤ አላህም ታጋሽ ብሎ አወድሷቸዋል። መልእክተኛችን (ሰ.ዐ.ወ) በታመሙ ጊዜ ትኩሳታቸው የሁለት ሰው ያህል እንደሆነ ለዐብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ነግረዋል። ህክምና እንድንፈልግም አስተምረውናል። ስለዚህ ያመመውን ለሐኪምና ለልጁ የሚናገር ሰው ሶብሩን አላፈረሰም።

ለመሆኑ ምን ማድረግ ይቻላል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ ህመም በሦስት ደረጃ ይታከማል። ለቀላሉ እንደ ፓራሲታሞል ያለ፣ ለመካከለኛው እንደ ኮዴይን ያለ፣ ለከባዱ ደግሞ ሞርፊን ይሰጣል። መድኃኒቱ የሚወሰደው ህመሙ እስኪበረታ ተጠብቆ ሳይሆን ሰዓቱን ጠብቆ ነው። ብዙዎቻችን ሞርፊንን "ሱስ ነው፣ ሞት ያፋጥናል" ብለን እንሸሻለን። ሐኪም ባዘዘው ልክ ለከባድ ህመም ሲወሰድ ግን ይህ ስጋት እጅግ አነስተኛ ነው። ሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር ይገባል። ዑለማዎችም ለችግር የታዘዘ መድኃኒት ለመስከር ከሚወሰድ ነገር እንደሚለይ አስረድተዋል።

በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ እንዲህ ያሉ ህሙማንን ሲረዳ ቆይቷል። ሆኖም በዓለም ይህ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው 100 ሰዎች የሚያገኙት 14ቱ ያህል ብቻ ናቸው። በመሆኑም ከአዲስ አበባ ርቆ ላለ እንደ ሞጣ ላለ ከተማ የመጀመሪያው አስታማሚ ቤተሰብና ጎረቤት ነው። ህመሙ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚበረታ አስተውሎ በአቅራቢያው ላለ ሐኪም መንገር የልጆች ድርሻ ነው።

ስቃይ ግን የአካል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የመጀመሪያውን ዘመናዊ የህሙማን ማረፊያ ያቋቋሙት ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ የአካል፣ የሐሳብ፣ የቤተሰብና የመንፈስ ስቃይ አንድ ላይ እንደሚመጣ አስተምረዋል። እኚያም አባት ከህመሙ ይልቅ ያስጨነቃቸው "ሶላቴ ቀረች" የሚለው ነበር። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልሆነለት በጎኑ ተጋድሞ እንደሚሰግድ፤ ውሃ ለሚጎዳው ተየሙም እንደተፈቀደለት ስንነግራቸው ፊታቸው ፈካ። ልጃቸው ንጹህ አፈር አቀረበላቸው። በማግስቱም ሐኪም አማክሮ መድኃኒት አመጣላቸው።

በሌላ ቀን ስንመለስ ሌሊቱን ተኝተው አድረው ነበር። ያለባቸውን ዕዳ አስጻፉ፤ የተቀየሟቸውን ጎረቤት አስጠርተው አውፍ ተባባሉ። የአላህ ቀጠሮ አልተለወጠም፤ የቀሯቸው ቀናት ግን ተለወጡ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከእንግዲህ ስንዘይር "አይዞዎት፣ ይድናሉ" ብለን አንሩጥ። ቁጭ እንበል፤ እጃቸውን እንያዝ፤ "ሌሊቱን እንዴት አደሩ? ምን ያስጨንቅዎታል?" እንበላቸው። መልሱንም ሳናቋርጥ እናድምጥ። አላህ ለታመሙት አፊያን፣ ለሚያስታምሙት ብርታትን፣ ለሁላችንም መልካም ፍጻሜን ይወፍቀን። አሚን!