የቱ ዘመን ይበልጣል?

ብዙው የካዛንቺስ ሠፈር በ2017 ዓ.ም. ለልማት ከመነሣቱ በፊት በሻይ ቤቶቹ የማያልቅ ክርክር ነበር፤ «የብሔራዊ ቡድናችን ምርጥ ዘመን የቱ ነው?» የሚል። አረጋውያኑ «1954!» ይላሉ። ጎልማሶቹ «1980ን የት ጥላችሁት!» ብለው ይቀበላሉ። እኛ ልጆቹ ደግሞ «2005ን ማን ያህለዋል?» እንል ነበር። ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ክርክሩ አይበርድም። ለመሆኑ ለምን አያልቅም?

አስቀድመን ነገሩን እንመልከት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እዚሁ ቂርቆስ በሚገኘው የአዲስ አበባ ስታዲየም የይድነቃቸው ተሰማ ቡድን ከግብፅ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ተጋጠመ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አሸነፈ። ዋንጫውን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ተረከበ። ይሁን እንጂ በውድድሩ የተካፈሉት 4 አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ለዋንጫው የበቃነው በ2 ጨዋታ ነው።

በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ፣ አሁንም በአገራችን ሜዳ፣ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን ወሰድን። ዋንጫው ግን የመላው አፍሪካ አልነበረም።

በ2005 ዓ.ም. ዋንጫ የለም። ሆኖም ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። በካርቱም በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን፣ ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ረታን፤ ድምሩ 5 ለ 5 ሲሆን ከሜዳ ውጭ ያገባናቸው 3 ግቦች አሳለፉን። ደቡብ አፍሪካ ላይ ከ16 አገሮች መካከል ሆነን፣ በ10 ተጫዋች ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣን። ከዚያ በኋላ እንኳ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን።

እንግዲህ ክርክሩ የማያልቀው መለኪያው ስለሚለያይ ነው። አንዱ ዋንጫ ይቆጥራል፤ ሌላው የመንገዱን ርዝመት ይለካል። ጤፍ በቁና ይሰፈራል፣ አቡጀዲ በክንድ ይለካል፤ ሁለቱን በአንድ መስፈሪያ ልስፈር ያለ ሲጨቃጨቅ ይውላል። በዚያ ላይ ሁሉም ልጅነቱን ያደላለታል። እኛስ በ2005 ገና ፊደል ቆጣሪዎች አልነበርንም? ከቡድኑ ይልቅ በአባቶቻችን ትከሻ ላይ ሆነን የጨፈርነውን እያስታወስን ይሆናል የምንሟገተው።

ነገ ክፍል ገብተን «ጎበዙ ተማሪ ማነው?» ስንባል፣ መጀመሪያ «በምን መለኪያ?» ብለን እንጠይቅ።

አንድ ነገር ግን ይቸኩላል። በ1954 የ15 ዓመት ልጅ ሆኖ ስታዲየም የገባ ሰው ዛሬ ወደ 80 ተጠግቷል። የሻይ ቤቱ ተከራካሪዎችም በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ስለዚህ በዚህ ዕረፍት እያንዳንዳችን ያየ ሰው ፈልገን እንጠይቅ፤ የነገሩንንም እንጻፍ። መርታቱ ይቆየን።