የተመራ የድረ ገጽ ጉብኝት በክፍል ውስጥ፡ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ማብራሪያ

አንድ መምህር ተማሪዎቹን «ስለ ዓባይ ወንዝ ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ ኑ» ብሎ ሲያሰናብት ትልቅ ሥራ የሰጠ ይመስላል። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ከታሰበው ይለያል። ስልክ ያለው ተማሪ መጀመሪያ ያገኘውን ገጽ ሳያነብ ይገለብጣል፤ ስልክ የሌለው ከጓደኛው ይቀዳል ወይም ባዶ እጁን ይመጣል። የተመራ የድረ ገጽ ጉብኝት ይህን ችግር ለመቀነስ የሚያገለግል የማስተማሪያ ዘዴ ነው።

የተመራ የድረ ገጽ ጉብኝት ምንድን ነው?

መምህሩ ከትምህርቱ ዓላማ ጋር የሚስማሙ ጥቂት ገጾችን፣ ካርታዎችንና ምስሎችን አስቀድሞ መርጦ በቅደም ተከተል ያዘጋጃል። እያንዳንዱ ገጽ እንደ አንድ ማረፊያ ይቆጠራል። በየማረፊያው ተማሪው የሚመልሰው ጥያቄ፣ በመጨረሻም ያገኘውን አያይዞ የሚሠራው ተግባር ይኖራል። ለዚህ ቅርብ የሆነውን «ዌብኩዌስት» የተባለ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በርኒ ዶጅ ከቶም ማርች ጋር በመሆን አስተዋውቀውታል።

ከፕላዝማ ትምህርት በምን ይለያል?

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ቀድሞ ተቀርጾ በሳተላይት የሚተላለፍ ነበር። ተማሪው ሳይገባው ቢቀር ሥርጭቱ አይጠብቀውም፤ መምህሩም ማስቆም አይችልም ነበር። በተመራው ጉብኝት ግን ፍጥነቱን የሚወስነው መምህሩ ነው። ክፍሉ ካልተረዳ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በአማርኛ ያብራራል፤ ጥያቄ ይቀበላል።

ምሳሌ፡ ከጮቄ እስከ ጉባ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ለሚያስተምር የጂኦግራፊ መምህር የሚከተለው ጉብኝት ሊጠቅም ይችላል።

1ኛ ማረፊያ፡ የጮቄ ተራራ የሳተላይት ምስል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ጥያቄ፡ የታረሰውና ያልታረሰው መሬት በምስሉ ላይ በምን ይለያል?

2ኛ ማረፊያ፡ ከጮቄ የሚነሱ ወንዞች ካርታ። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫና ጨሞጋ ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ጥያቄ፡ ለትምህርት ቤታችን የሚቀርበው ወንዝ የትኛው ነው? ወዴትስ ይፈስሳል?

3ኛ ማረፊያ፡ በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ ሸለቆ ምስል። ጥያቄ፡ ወንዙ በክረምት ለምን ቀይ ቡናማ መልክ ይይዛል?

4ኛ ማረፊያ፡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ። ጥያቄ፡ ከደጋው ታጥቦ የሚሄደው አፈር በመጨረሻ የት ያርፋል?

የማጠቃለያ ተግባር፡ ተማሪው የወንዙን ጉዞ በንድፍ ካሳየ በኋላ፣ በሰፈሩ የሚገኙ አረጋውያንን ስለ ወንዙ የቀድሞ ሁኔታ ጠይቆ መልሳቸውን ከገጾቹ መረጃ ጋር ያነጻጽራል። በዚህም የቤተሰቡ ማሳ እርከንና የአገሩ ግድብ በአንድ ውኃ የተያያዙ መሆናቸውን ይረዳል።

ኢንተርኔትና መብራት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች

ዘዴው የማያቋርጥ ኢንተርኔት አይጠይቅም። መምህሩ ኢንተርኔት በሚገኝበት ቦታ ገጾቹን በፍላሽ አስቀምጦ ማምጣት ይችላል። ኪዊክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራምም ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ካለ ክፍሉ በጋራ ይመለከታል፤ ወይም ተማሪዎች በቡድን እየተፈራረቁ ይጠቀማሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ገጾቹን አትሞ በክፍሉ ግድግዳ ላይ በቅደም ተከተል መለጠፍና ተማሪዎችን ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ማዘዋወር ይቻላል። ዋናው የጥያቄዎቹ ጥራት እንጂ የመሣሪያው ብዛት አይደለም።

መምህራን ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

• የማረፊያዎቹን ቁጥር ከ4 እስከ 6 መወሰን፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከዚህ በላይ ማየት አዳጋች ነው።
• እያንዳንዱን ገጽ ከትምህርቱ በፊት ዳግም መመልከት፤ ገጾች ይለወጣሉ ወይም ይጠፋሉ።
• የጽሑፉን ባለቤትና የወጣበትን ጊዜ ማረጋገጥ፤ ተማሪዎችም ይህን እንዲጠይቁ ማስለመድ።
• ከገጹ ላይ በመገልበጥ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ አለማቅረብ።
• የተማሪዎችን ስምና ፎቶግራፍ በድረ ገጽ አለመልቀቅ፤ የግል መረጃ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተጠበቀ ነው።

የወላጆች ድርሻ

ልጅዎ ለትምህርት ስልክ እንደሚያስፈልገው ሲነግርዎ የትኛውን ገጽ እንደሚያይና የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ይጠይቁት። ግልጽ መልስ ካላገኙ የክፍል ኃላፊውን መምህር ያነጋግሩ። ስልክ ለመግዛት አቅም ከሌለዎ ይህንኑ ለትምህርት ቤቱ በግልጽ ያስረዱ፤ በሚገባ የተዘጋጀ ጉብኝት በክፍል ውስጥ የሚከናወን በመሆኑ ተማሪው የራሱ መሣሪያ እንዲኖረው ግድ አይልም። ዘዴውን ለመጀመር የሚሹ መምህራን በትምህርት ቤታቸው ከሚገኘው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህር ጋር በመመካከር በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ ክፍል ቢጀምሩ ይመከራል።