ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሻወር ወለል ሲቦረቦር

ከእጅ ያመለጠ ጠርሙስ በነጩ የሻወር ወለል ላይ ሲወድቅ ጥፍር የምታህል ጉድጓድ ጥሎ ይሄዳል። ብዙ ተከራይ በፕላስቲክ ምንጣፍ ሸፍኗት ይኖራል። ቤቱን የሚለቅበት ቀን ሲደርስ ግን ያቺው ጉድጓድ ዲፖዚቱን ይዛ ትጠብቀዋለች። እስከዚያም ውሃ እየሰረገ ብረቱን ያዝጋል፤ ከሥር ያለውንም እንጨት ያበሰብሳል።

ጥገናው ከባድ አይደለም። አስቀድሞ ባለቤቱን ማስፈቀድና የወለሉን ዓይነት መለየት ያሻል። ማግኔት ከያዘው በኢናሜል የተሸፈነ ብረት ነው፤ ካልያዘው አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ ወይም ፋይበርግላስ ነው። ከሃርድዌር መደብር የሚገዛው መሙያ ለዚያው ዓይነት የተሠራ፣ ቀለሙም ከወለሉ ጋር የሚመሳሰል ይሁን፤ ነጭም ብዙ ዓይነት አለውና።

የሳሙናው ቅባት በደንብ ታጥቦ ሻወሩ አንድ ቀን ሙሉ ይደርቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን አክሪሊክን ስለሚያበላሽ አይነካም። ዝገት ካለ ተፍቆ ይወጣል። የጉድጓዱ ጠርዝ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይታሻል። መሙያው ከማጠንከሪያው ጋር መመሪያው በሚያዘው መጠን ይዋሃዳል፤ ቶሎ ስለሚደርቅ የሚበቃውን ብቻ ማዘጋጀት ነው። ከዚያም በአሮጌ የባንክ ካርድ ተሞልቶ ይስተካከላል። አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመለጠፍ ሁለት ጊዜ በስሱ መሙላት ይሻላል። መመሪያው የሚለው ሰዓት ሲሞላ አክሪሊኩ ወይም ፋይበርግላሱ በ600፣ ቀጥሎም በ1000 ቁጥር እርጥብ ወረቀት ይለሰልሳል።

መስኮት መክፈትና ቬንትሌተር ማብራት አይረሳ። የቆየውን ቀለም በሜቲሊን ክሎራይድ ለመላጥ መሞከር ግን ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2011 በአሜሪካ ቢያንስ 13 የባኞ አዳሽ ሠራተኞች በዚሁ ኬሚካል መሞታቸውን የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2012 አስታውቋል።

ሲረግጡት የሚያረገርግ ወይም ረዥም ስንጥቅ ያለው ወለል በመሙያ አይድንም፤ ለባለቤቱ ወዲያው በጽሑፍ ማስታወቅ ይገባል።

በካሊፎርኒያ ተከራይ ከመልቀቁ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ቤቱ አስቀድሞ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል፤ ጉድለት ከተገኘም በውሉ መሠረት ለማስተካከል ዕድል ያገኛል። ባለቤቱ ደግሞ ዲፖዚቱን ወይም የቀነሰበትን ዝርዝር ተከራዩ በለቀቀ በ21 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። በአገልግሎት ብዛት ለደበዘዘ ወለል ማስከፈልም አይፈቀድለትም። ጠርሙስ የቦረቦረው ግን የተከራዩ ዕዳ ነው፤ ያንን ዕዳ አስቀድሞ በትንሽ መሙያና በአንድ ቅዳሜ መክፈል ይቻላል።