ስለ ኢንተርኔት ትምህርት ቤት አተካከልና አስተዳደስ



ትምህርት ቤት ሲባል በአሳባችን የሚመጣው ግድግዳና ጣራ፣ ጥቁር ሰሌዳና ደወል ነው። ከጥቂት ዓሥርት ዓመታት ወዲህ ግን ግድግዳም ደወልም የሌለው፣ መምህሩና ተማሪው ፊት ለፊት ሳይተያዩ የሚገናኙበት ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት በየዩኒቨርሲቲውና በየኮሌጁ ተቋቁሟል። በሀገራችንም ብዙ ሰው የዚህን ነገር ስም አዘውትሮ መስማት የጀመረው፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በተዘጉ ጊዜ ነው።

ዛሬ ልናስረዳ ያሰብነው የዚህን ትምህርት ቤት ጥቅም አይደለም፤ ስለ ጥቅሙ አያሌ ሰዎች ተናግረዋል። እኛ የምንናገረው ቤቱ እንዴት እንደሚተከልና ሲያረጅ እንዴት እንደሚታደስ ነው። ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን በተቀመጠ በአንድ ባለሙያ እጅ ሲሆን፣ እርሱ በአንዲት ሌሊት ቢሳሳት የብዙ ተማሪዎች የሴሚስተር ድካም እንደ ጢስ በኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ብቻ ሳይሆን ዲኑም፣ ሬጅስትራሩም፣ በጀት የሚፈቅደው ሹምም ነገሩን በመጠኑ ሊያውቁት ይገባል።

ለምሳሌ የምንወስደው ሙድል የተባለውን ፕሮግራም ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይሏል።) ይህን ፕሮግራም የጀመሩት ሚስተር ማርቲን ዱጂያማስ የተባሉ አውስትራልያዊ ናቸው። እኒህ ሰው በልጅነታቸው ያደጉት በምዕራብ አውስትራልያ በረሓ ውስጥ፣ ከከተማ እጅግ ርቆ በሚገኝ መንደር ስለ ነበረ፣ ትምህርታቸውን የጀመሩት በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው። በዚያ አገር «የአየር ትምህርት ቤት» የሚባል ሥርዓት አለ፤ በ1951 በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ተከፍቶ፣ መምህሩ በሬዲዮ ሲጠይቅ በየከብት ርቢው ሠፈር ተበታትነው የሚኖሩት ልጆች በሬዲዮ ይመልሱለት ነበር። ሬዲዮ ሲያዳምጥ ያደገ ልጅ ጎልምሶ የኢንተርኔት ትምህርት ቤት መሥራቱ፣ ይህን ንግግር በሬዲዮ ላቀረብነው ለኛ ደስ የሚል ነገር ነው። ሚስተር ዱጂያማስ በፐርዝ ከተማ በከርቲን ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ፣ በዚያን ጊዜ በግዢ ይገኝ በነበረው ፕሮግራም ባለመርካታቸው የራሳቸውን መጻፍ ጀመሩ፤ የመጀመሪያውም እትም በነሐሴ 2002 ወጣ። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደው፣ ሊተክለው፣ እንደ ፍላጎቱም ሊለውጠው የሚያስችል ፈቃድ አለው።

ያለ ክፍያ ማለት ግን ያለ ወጪ ማለት አይደለም። በስጦታ የተገኘ በሬም ሣር ይበላል። ሰርቨር ያስፈልገዋል፤ መብራት ያስፈልገዋል፤ ከሁሉም በላይ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ሙድል በአንድ ሰርቨር ላይ በተተከለ ጊዜ ሦስት ክፍሎች ይኖሩታል፤ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢያውቅ አይጠቅመውም። የመጀመሪያው ኮዱ ነው፤ ይኸውም ከአዘጋጆቹ ዘንድ የምናመጣው፣ በፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራም ነው። ይህ ቢጠፋ እንደ ገና ማምጣት ስለሚቻል እምብዛም አያሳዝንም። ሁለተኛው ዳታቤዙ ነው፤ የተማሪው ስም፣ የመምህሩ ጥያቄ፣ የፈተናው መልስና የተሰጠው ማርክ ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ እርሱ ነው። ሦስተኛው ሙድልዳታ የተባለው ፎልደር ነው፤ መምህራን የሚያስቀምጡት የትምህርት ጽሑፍና ተማሪዎች የሚያስረክቡት አሳይንመንት የሚከማችበት ግምጃ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

በመዝገቡና በግምጃ ቤቱ መካከል ያለው ትስስር እጅግ የጠበቀ ነው። በ2010 ከወጣው ከ2.0 እትም ወዲህ ሙድል አንድ ፋይል በተቀበለ ጊዜ የነበረውን ስም ከላዩ ገፍፎ፣ ከይዘቱ በስሌት የሚወጣ 40 ፊደላትና አኃዞች ያሉት አዲስ ስም ይሰጠዋል። ሁለት መቶ ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ሳይለውጡ ቢያስረክቡ ስሌቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስም ስለሚያወጣ፣ በግምጃ ቤቱ የሚቀመጠው ቅጂ አንድ ብቻ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ይህ መልካም ዘዴ ነው። ነገር ግን ያ ባለ 40 ሆሄ ፋይል የማን ሥራ እንደ ሆነ፣ ለየትኛውም ትምህርት እንደ ቀረበ የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው። መዝገቡ የጠፋበት ሰው ወደ ግምጃ ቤቱ ቢገባ ስማቸው የተፋቀ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቅሎች ከማግኘት በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም። ከዚህም የተነሣ የሰኞን መዝገብ ከዓርብ ግምጃ ቤት ጋራ አጣምሮ መጠባበቂያ ቅጂ አለኝ ማለት ከንቱ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሰዓት የተቀዱ መሆን አለባቸው።

ተከላውን በሚመለከት፣ ራሱ ሥራው ከባድ አይደለም። ሰርቨሩ ላይ ፒኤችፒ፣ አፓቼ ወይም እንጂንኤክስ የተባለው የድረ ገጽ አገልጋይ፣ እንደዚሁም ማሪያዲቢ፣ ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ ከተባሉት ዳታቤዞች አንዱ ይጫናል፤ ከዚያም የተከላው ገጽ እየጠየቀ ራሱ ይመራል። የሚያስቸግሩት አስቀድሞ መወሰን ሲገባቸው ሳይወሰኑ የሚቀሩት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው አድራሻው ነው። የቤቱ የኢንተርኔት አድራሻ ኮንፊግ በተባለው ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ መምህራን በሚያዘጋጁት ትምህርት ውስጥ የሚያስገቡት ማያያዣ ሁሉ ያንኑ አድራሻ ተከትሎ በመዝገቡ ይሰፍራል። ለሙከራ ብሎ በቁጥር አድራሻ የተከለ ባለሙያ፣ ከስድስት ወር በኋላ ትክክለኛውን ስም ሲያስገባ ብዙ ሥዕልና ብዙ ማያያዣ ይሰበርበታል። ሁለተኛው የግምጃ ቤቱ ሥፍራ ነው፤ ሙድልዳታ ማንም በብራውዘር ሊከፍተው በሚችል ፎልደር ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ይህን ቸል ማለት የተማሪዎችን ሥራ በአደባባይ እንደ ማስጣት ይቆጠራል።

ሦስተኛው በተለይ የግዕዝ ፊደል ለምንጽፍ ለኛ የሚመለከት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ሙድልም በ2006 በወጣው በ1.6 እትም ጽሑፉን ሁሉ ወደ ዩኒኮድ አዛውሯል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱ በአማርኛ ላይ ችግር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ከዳታቤዙ በኩል ነው፤ ዳታቤዙ ሲፈጠር ለላቲን ፊደል ብቻ በሚያገለግል አቀማመጥ ከተፈጠረ፣ «ሀ ሁ ሂ» ብለን የጻፍነው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተመዘገበውንም መልሶ ማግኘት አይቻልም። ማይኤስኪውኤልና ማሪያዲቢ «ዩቲኤፍ 8» ብለው የሚጠሩት አሮጌ አቀማመጥ ለአንድ ፊደል ከ3 ባይት በላይ አይፈቅድም፤ የተለመዱት የአማርኛ ፊደላት በዚያ ይበቃቸዋል። ነገር ግን ለጉራጊኛ ጽሕፈት በ2021 በዩኒኮድ የተጨመሩት ፊደላት 4 ባይት ይፈልጋሉ። ስለዚህ «ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4» የተባለውን መምረጥ ይገባል።

አራተኛው ክሮን የሚባለው ነው። ይህ በየደቂቃው እየተነሣ ያልተጠናቀቀውን ሥራ የሚያጠናቅቅ የማይታይ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ካልተቀጠረ ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ሆኖም የመድረክ መልእክቶች ለተማሪዎቹ በኢሜይል አይደርሱም፣ በየሌሊቱ ሊሠራ የታዘዘው የትምህርት ቅጂም አይሠራም። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህንን ነው።

ከተከላው ይልቅ የሚያስጨንቀው እድሳቱ፣ በተለምዶ አፕግሬድ የምንለው ነው። የሙድል አዘጋጆች በዓመት ሁለት ዐበይት እትሞችን ያወጣሉ፤ ከነዚህም መካከል አንዳንዶቹ የደኅንነት ጥገና ለረዥም ጊዜ እንዲያገኙ ይመረጣሉ። በጥቅምት 2024 የወጣው 4.5 ከነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ጥገናው እስከ ጥቅምት 2027 እንዲቀጥል ታቅዷል። በአስተያየታችን፣ ጥቂት ባለሙያ ብቻ ያለው ኮሌጅ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ከመሮጥ ይልቅ ከነዚህ ከተመረጡት ወደ አንዱ እየተሻገረ ቢኖር ይሻለዋል። ፈጽሞ ሳያድሱ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ የ3.9 እትም የደኅንነት ጥገና በታኅሣሥ 2023 አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳ ሁሉ ሳይደፈን ይቀራል፤ ቀዳዳውንም ተማሪው ራሱ ማርኩን ለማሻሻል ሊጠቀምበት ይችላል።

እንግዲህ በ3.9 ላይ የቆየ አንድ ኮሌጅ ወደ 4.5 ለመድረስ ቢያስብ በአንድ ዝላይ አይደርስም። 4.5 የሚቀበለው ቢያንስ 4.1.2 ላይ የደረሰውን ብቻ ነው፤ ከዚህም ጋራ ፒኤችፒ 8.1 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። 3.9 ደግሞ ከፒኤችፒ 7.4 በላይ አይሠራም። አዲሱ በአሮጌው ፒኤችፒ፣ አሮጌውም በአዲሱ ፒኤችፒ አይቆምም ማለት ነው። መፍትሔው በመካከሉ ያለውን ድንጋይ ረግጦ መሻገር ነው፤ 4.1 ከፒኤችፒ 7.4 ጋራም ከ8.1 ጋራም ስለሚስማማ፣ መጀመሪያ ፒኤችፒን ሳይነኩ ወደ 4.1 የመጨረሻ ንዑስ እትም መውጣት፣ ቀጥሎ ሙድልን ሳይነኩ ፒኤችፒን ወደ 8.1 ማሳደግ፣ በመጨረሻም ወደ 4.5 ማለፍ ነው። የዳታቤዙም እትም በየደረጃው መታየት አለበት። ይህን ሁሉ የሚመረምር የአካባቢ ፍተሻ የሚባል ገጽ በአስተዳዳሪው ክፍል ውስጥ አለ፤ ሥራው ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት ሊነበብ ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሙከራ ቤት ይሠራ። የሦስቱም ክፍሎች ቅጂ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ተወስዶ እድሳቱ በዚያ ይለማመዳል። በዚህ ሥራ አንድ ወጥመድ አለ፤ ቅጂው የእውነተኞቹን ተማሪዎች ኢሜይል ይዞ ስለሚሄድ፣ በሙከራው ቤት ያለው ክሮን ሲነሣ «አሳይንመንትህ ዘግይቷል» የሚል መልእክት ለሁሉም ይበትናል። በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ኢሜይል ከቶ እንዳይላክ የሚያዝዝ አንድ መስመር መጻፍ ያሻል። በሙከራው የሚገኘው ሌላው ትልቅ ጥቅም፣ ከውጭ የተጨመሩት ተቀጽላዎች፣ ፕለጊን የሚባሉት፣ ከአዲሱ እትም ጋራ መስማማታቸው መታወቁ ነው። ሠሪው የተወው ፕለጊን ካለ፣ መምህራኑ በርሱ ምን ያህል እንደሚሠሩ ጠይቆ መወሰን የዲኑ እንጂ የባለሙያው ብቻ ሥራ አይደለም።

ቀኑ ሲደርስ (የፈተና ሳምንት እንዳይሆን መቼም መናገር አያስፈልግም) ቤቱ በጥገና ላይ መሆኑን የሚገልጸው ማስታወቂያ ይሰቀላል፤ ክሮንም ይቆማል። ቅጂው የሚወሰደው ከዚህ በኋላ እንጂ ከዚህ በፊት አይደለም። ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ ባለሙያ ምን እንደሚገጥመው እናስብ፤ ቅጂውን በአራት ሰዓት ወሰደ፣ በሩን የዘጋው ግን በስድስት ሰዓት ነው እንበል። እድሳቱ ተበላሽቶ ወደ ቅጂው ቢመለስ፣ በነዚያ ሁለት ሰዓቶች ውስጥ ከጎንደርም ከጅማም ሥራቸውን ያስረከቡት ተማሪዎች ምንም እንዳላስረከቡ ሆነው ይገኛሉ። ተማሪው «አስረክቤአለሁ» ይላል፤ መዝገቡ «የለም» ይላል፤ ዳኛ የሚሆን ማስረጃም አይገኝም። ደግሞም ቅጂ የሚባለው ተመልሶ ተከፍቶ የታየው ነው፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ተስፋ ብቻ ነው።

አዲሱ ኮድ በአሮጌው ላይ አይደፋም፤ የተሻሩ አሮጌ ፋይሎች በመካከል ቀርተው ያውካሉና። አሮጌው ፎልደር ስሙ ተለውጦ ይቀመጥ፤ አዲሱ ለብቻው ይዘርጋ፤ ኮንፊግ የተባለው ፋይል ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይቀዳ፤ ፕለጊኖቹ ግን ለአዲሱ እትም የተዘጋጁት እንደ ገና ይምጡ። ከዚያም የማሻሻያው ትእዛዝ ከብራውዘር ይልቅ በራሱ በሰርቨሩ ላይ በጽሑፍ ቢሰጥ ይመረጣል፤ በብራውዘር ሲሆን የኢንተርኔቱ መስመር በመካከል ቢቋረጥ ሥራው በእንጥልጥል ሊቀር ይችላል። ለመብራት መቋረጥም እንደዚሁ መዘጋጀት ነው፤ ባትሪ የሌለው ሰርቨር ላይ ይህን ሥራ መጀመር ድፍረት እንጂ ጀግንነት አይደለም። ሙድል ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ የለውም፤ አንድ ጊዜ ወደ 4.5 የወጣ መዝገብ በ4.1 ኮድ አይከፈትም። መመለስ ቢያስፈልግ ሦስቱንም ክፍሎች ከቅጂው በአንድነት መመለስ ግድ ነው።

እድሳቱ ሲፈጸም ባለሙያው በሩን ከመክፈቱ በፊት ጥቂት ነገሮችን በዐይኑ ይይ። የጥገናው ማስታወቂያ ለተማሪ ስለማይከፍት፣ በአስተዳዳሪ ስም ገብቶ የአንድ ተማሪን ገጽ ተማሪው በሚያየው መልክ ይመልከት፤ በአማርኛ የተጻፈ አንድ የፈተና ጥያቄ ከፍቶ ፊደሉን ያንብብ፤ ባለፈው ሴሚስተር የቀረበ አንድ አሳይንመንት አውርዶ መከፈቱን ይፈትን፤ ለአንዲት ተማሪ የተሰጠውን ማርክ ሬጅስትራሩ ዘንድ በወረቀት ካለው ጋራ ያስተያይ፤ ክሮንን መልሶ አስነሥቶም መሥራቱን ያረጋግጥ። ማስታወቂያው የሚወርደው ከዚህ በኋላ ነው። አሮጌው ቅጂም ቢያንስ የሚቀጥለው ፈተና ታርሞ ውጤቱ እስኪመዘገብ ድረስ፣ ሰርቨሩ ካለበት ሕንፃ ውጭ በሆነ ሥፍራ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ የይለፍ ቃሉንም ከባለሙያው ሌላ ቢያንስ አንድ ኀላፊ ይወቀው።