የአማቴ ድስትና የአባቴ ማግኔት

ባለፈው ቅዳሜ አማቴ ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ በአንድ እጇ ወፍራም የአሉሚኒየም ድስት፣ በሌላው ሁለት ያገለገሉ ቢጫ ጄሪካኖች ይዛ ደቻቱ ቤታችን ገባች። ድስቱ ለስምንት ወር ልጄ አጥሚት ማብሰያ፣ ጄሪካኖቹ ደግሞ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ እንዲሆኑ ነበር ያሰበችው። “ይሄ ድስት ለልጅ ልጅ ይተርፋል” አለችኝ። አመስግኜ ተቀበልኳት። ድስቱን ገልብጬ ሳየው ግን ልቤ አልተቀበለውም።

አባቴ ነፍሱን ይማርና የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በጥገና ክፍል ቶርኖ ላይ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማችንም የባቡሩ ልጅ ነች። አባቴ ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አይለይም ነበር።

ትምህርቱ በደንብ የገባኝ ከ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ በኋላ ነው። ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈው ያ ጎርፍ በእኛም ግቢ አልፏል፤ እኛ ነፍሳችንን ይዘን ወጣን። በኋላ ዕቃችንን ከአሸዋ ውስጥ ስናወጣ የብረት ምጣዱ ዝጎ ይላላጣል፤ የአሉሚኒየም ድስቱ ተጨራምቷል እንጂ አልዛገም፤ የነሐስ ሙቀጫው አረንጓዴ ለብሷል፤ የፕላስቲክ ባልዲው ሲታጠብ አዲስ መሰለ። አባቴ አንድ በአንድ እያነሳ፣ “ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው፤ ጠባዩን ካወቅሽ አይከዳሽም” አለኝ።

ብረታ ብረትን መለየት

ተራ ብረት በማግኔት ይሳባል፤ አሉሚኒየም፣ መዳብና ነሐስ አይሳቡም። ክብደትም ይናገራል፤ አንድ ሊትር የሚያህል አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ሲመዝን ያንኑ የሚያህል ብረት 7.8፣ መዳብ ደግሞ 8.9 ኪሎ ይመዝናል።

አሉሚኒየም ቀላልና ሙቀት ቶሎ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ለድስት ይመረጣል። አየር ሲያገኘው ስስ ሽፋን ለብሶ ራሱን ይጠብቃል። ጨውና ኮምጣጣ ነገር ግን ያንን ሽፋን ይበላዋል። ስለዚህ የቲማቲም ቁሌት፣ አዋዜ ወይም የእንጀራ ሊጥ በአሉሚኒየም ዕቃ አታሳድሩ።

ስቴንለስ ስቲል የማይዝገው ክሮሚየም ስላለበት ነው። ዕቃው ላይ “18/10” የሚል ካያችሁ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአሉሚኒየም በ15 እጥፍ ገደማ ያንሳል፤ ለዚህ ነው አጥሚት ከሥሩ የሚያርበት። እሳቱን ቀንሶ ማማሰል ነው መፍትሔው።

የአማቴ ድስት ችግር ሌላ ነው። ሻጩን ስትጠይቀው ከአሮጌ የመኪና ዕቃ ቀልጦ የተሠራ መሆኑን ነግሯታል። እንዲህ ባለው ቁርጥራጭ ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ሊቀላቀል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የካሜሩን ጥናት ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም የተሠሩ ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ አሳይቷል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። የአባቴ ማግኔት እዚህ ላይ አይረዳም፤ እርሳስ በማግኔት አይሳብም፣ ድስት ውስጥ ተቀላቅሎም በዓይን አይለይም።

ጄሪካኑስ?

የፕላስቲክ ዕቃን ገልብጣችሁ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር እዩ። 1 የታሸገ ውሃ የሚሸጥበት ፕላስቲክ ነው፤ ትኩስ ነገር ሲገባበት ይጨማደዳል። 2 ጄሪካን የሚሠራበት ጠንካራው ዓይነት ነው። 3 የቧንቧው ፒቪሲ ሲሆን ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ስለሚያወጣ ለእሳት ማቀጣጠያ አታድርጉት። 5 ሙቀት የተሻለ ይችላል።

የአማቴ ጄሪካኖች ቁጥራቸው 2 ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ፕላስቲኩ ምን እንደሆነ እንጂ ቀድሞ ምን እንደያዘ አይናገርም። ፕላስቲክ የያዘውን ነገር ይመጣል፤ ኬሚካል የነበረበት ጄሪካን በሳሙና ቢታጠብም ለመጠጥ ውሃ አይታመንም። አዲሱንም ቢሆን ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፤ የድሬ ፀሐይ ፕላስቲክን አድርቆ ይሰነጥቃል።

ይህን ሁሉ ለአማቴ እንዴት እንደምነግራት ስጨነቅ ዋልኩ። ቡና አፍልቼ በሦስተኛው ስኒ ላይ ነገርኳት። ዝም አለች። ቅር ያላት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን “እኔ በእንዲህ ያለው ድስት ስንት ልጅ አሳደግሁ?” ብላ አንገቷን ደፋች። “አላወቅሽም እኮ፤ እኔም ከአባቴ ባልሰማ አላውቅም ነበር” አልኳት።

አሁን ድስቱ ከሰል ይይዛል፤ ጄሪካኖቹ ለወለል ማጠቢያ ውሃ ሆነዋል። የልጄ አጥሚት በስቴንለስ ድስት ይበስላል፤ የምታማስለውም አማቴ ናት። ትናንት ደግሞ ቤቷ ሄደን መደርደሪያዋን አብረን ስንፈትሽ አመሸን።