ጓጉንቸር፣ ክርና 9.8፦ የስበትን ጉልበት እቤት ውስጥ እንዴት እንለካለን?

የፊዚክስ ላብ ሪፖርት ጽፎ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ዘዴ አያጣውም። መጽሐፉ 9.8 ይላል፤ ልኬቱ 9.4 ይመጣል፤ ሪፖርቱ ላይ 9.8 ይጻፋል። መምህሩም ያርማል፣ ተማሪውም ያልፋል። በዚህ መሃል የሚጣለው ግን ከሁሉም ቁም ነገር ያለው ቁጥር ነው። 9.8 ሌላ ሰው የለካው ነው፤ 9.4 ግን እናንተ ምን እንደሠራችሁ ይናገራል።

9.8 ምንድን ነው? ከእጅ ያመለጠ ነገር ሲወድቅ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ በየሰከንዱ የሚጨምረው በሰከንድ 9.8 ሜትር ያህል ነው። ይህን በቀጥታ ለመለካት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ከጠረጴዛ ላይ የወደቀ ቁልፍ ወለሉ ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይሞላበትም፤ የሰው አውራ ጣት ደግሞ አይቶ እስኪጫን 0.2 ሰከንድ ያህል ይዘገያል። በክር የተንጠለጠለ ነገር፣ ማለትም ፔንዱለም፣ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ያንኑ ውድቀት አዘግይቶ፣ ደግሞም እስኪበቃን ደጋግሞ ያሳየናል።

የሚያስፈልገው ሁሉ ከቤት አይጠፋም፦ የስፌት ክር፣ ትንሽ ጓጉንቸር ቁልፍ ወይም ከጋራዥ የተገኘ ትልቅ ዳዶ፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና ስልክ። የሹራብ ክር አይሆንም፤ ይለጠጣል። የክሩን ጫፍ ምስማር ላይ ከማሰር ይልቅ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መካከል ቆንጥጦ ቁም ሳጥን ጫፍ ላይ በከባድ መጻሕፍት መጫን ይሻላል። ምስማር ላይ የላላ ቋጠሮ በተወዛወዘ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ስለሚንሸራተት የክሩ ርዝመት የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ቁልፉን ትንሽ ወደ ጎን ስቦ፣ ሳይገፉ፣ ዝም ብሎ መልቀቅ ነው።

አሁን ነገሩ ይጀምራል። ቁልፉ ሄዶ እስኪመለስ ያለውን አንድ ደርሶ መልስ እንበለው። ለዚህ የሚፈጀውን ጊዜ የሚወስነው ምንድን ነው? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ክብደቱን ነው፤ ክብደት ግን ምንም አያመጣም። ከባዱን ቁልፍ ምድር አብዝታ ትስበዋለች፤ ነገር ግን ከባዱ ቁልፍ ለመንቀሳቀስም በዚያው ልክ ያስቸግራል፤ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ዥዋዥዌ ላይ አባትና ልጅ ተራ በተራ ቢቀመጡ ደርሶ መልሳቸው እኩል ነው ለማለት የሚያስደፍረው ለዚህ ነው። ቀጥሎ የሚጠረጠረው ስፋቱ ነው፤ ራቅ አድርጎ የለቀቁት ረጅም መንገድ አለበት። ግን ከሩቅ የተለቀቀው በበለጠ ኃይል ወደ መሃል ስለሚሳብ ይፈጥናል፤ ረጅሙን መንገድ በዚያው ጊዜ ይጨርሰዋል። ጋሊሊዮ ይህን አስተውሎ በ1602 (እ.ኤ.አ.) ለወዳጁ በደብዳቤ አስረድቶ ነበር፤ እሱ ግን ለማንኛውም ስፋት ይሠራል ብሎ ያምን ነበር። አይሠራም። ከ10 ዲግሪ በታች ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም፤ በ30 ዲግሪ ግን ጊዜው በ1.7 ከመቶ ይረዝማል።

የሚቀረው የክሩ ርዝመት ነው። ክሩ ሲረዝም ቁልፉ የሚሄድበት ቅስት ለጥ ያለ ይሆናል፤ ለጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ መሃል የሚመልሰው ጉተታ ይደክማል። ስለዚህ ይዘገያል፤ ግን ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ አይሆንም። በ25 ሳንቲ ሜትር ክር አንድ ደርሶ መልስ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ጊዜውን ሁለት ሰከንድ ለማድረስ ርዝመቱ አራት እጥፍ፣ አንድ ሜትር፣ መሆን አለበት። ቀመሩም ከዚህ ይወጣል፦ ርዝመቱን በሜትር ወስዶ በ39.48 ማባዛት፣ ከዚያ የአንዱን ደርሶ መልስ ጊዜ በራሱ አባዝቶ ለዚያ ማካፈል። 39.48 ከየት መጣ ለሚል፣ የክብ ቁጥሩ ፓይ በራሱ ተባዝቶ አራት እጥፍ ሲሆን ነው።

በ80 ሳንቲ ሜትር ክር እንሞክረው። ትክክለኛው ጊዜ 1.8 ሰከንድ አካባቢ ነው። አንዱን ብቻ ብንለካና አውራ ጣታችን በ0.2 ሰከንድ ቢሳሳት 1.6 ወይም 2.0 እናነባለን። መልሱ በአንደኛው 12.3፣ በሌላው 7.9 ይሆናል። እንዲህ ያለውን መልስ ከመጻፍ አለመለካት ይሻላል። ሃያ ደርሶ መልስ ብንቆጥር ግን ያው የ0.2 ሰከንድ ስህተት ለሃያ ይከፋፈላል። ጠቅላላው ጊዜ 35.9 ከሆነ 9.80 ይወጣል፤ 36.1 ከሆነ 9.69። ዕቃውም ሰውም አልተለወጠም፤ ስህተቱን ያሳነሰው መደጋገሙ ብቻ ነው። እንደኔ ከሆነ ከዚህ ሙከራ ተማሪ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢወጣ፣ ይህን ቢይዝ ይበቃዋል።

ሰዓቱን የሚያስጀምሩት ቁልፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ አይደለም። ጫፍ ላይ ቁልፉ ቆም ስለሚል መቼ እንደዞረ በዓይን አይያዝም። መሃል ላይ ግን ከሁሉም በላይ ይፈጥናል፤ ከኋላው የወንበር እግር ምልክት ቢደረግ የሚያልፍበት ቅጽበት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰዓቱ ሲጫን «ዜሮ» ይባላል፤ ቀጥሎ በዚያው አቅጣጫ ሲያልፍ «አንድ»። ይህ ዜሮ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ስንቱን ሪፖርት አበላሽቷል።

ርዝመቱ የሚለካው ክሩ ከተቆነጠጠበት እስከ ቁልፉ መካከል ነው እንጂ እስከ ቋጠሮው አይደለም። ቁልፉ 6 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለው መካከሉ ከቋጠሮው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ይህን የረሳ ሰው 80ውን 77 ብሎ ይጽፋል። ችግሩ የጓጉንቸር መካከል የት እንደሆነ በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ ከላይ ቀለበት፣ ከታች ድፍን ብረት ነው።

መላው ግን አለ፣ ደስ የሚልም ነው። በአንድ ርዝመት ፈንታ በሁለት ርዝመት መለካት። መጀመሪያ እስከ ቋጠሮው 47፣ ከዚያ ክሩን አስረዝሞ 97 ሳንቲ ሜትር። ሁለቱም ትክክል አይደሉም፤ ልዩነታቸው ግን 50 መሆኑ እርግጥ ነው፤ ያቺ ያልታወቀች ቁራጭ በሁለቱም ላይ እኩል ስላለች በመቀነስ ትጠፋለች። ሃያው ደርሶ መልስ በአጭሩ 28.4፣ በረጅሙ 40.2 ሰከንድ ቢፈጅ የአንዱ ጊዜ 1.42 እና 2.01 ነው። እያንዳንዱን በራሱ አባዝቶ መቀነስ፦ 4.040 ሲቀነስ 2.016፣ 2.024። 39.48 በ0.5 ተባዝቶ ለዚህ ሲካፈል 9.75። የቁልፉ መካከል የት እንደሆነ ሳናውቅ ደረስንበት።

እዚህ ላይ አንድ የአዲስ አበባ ተማሪ 9.8 አልመጣልኝም ብሎ ቢያዝን ስህተት ነው፤ የከተማዋ ቁጥር 9.77 አካባቢ ነውና። ምድር በወገቧ በኩል ወጣ ያለች ስለሆነች፣ ስለምትሽከረከርም፣ ስበቱ ከዋልታዎች ወደ ምድር ወገብ ሲመጡ ከ9.83 ወደ 9.78 ይወርዳል፤ በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ይህ ልዩነት መጀመሪያ የተደረሰበት በፔንዱለም ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዣን ሪሼ በ1672 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አሜሪካ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ወደሆነችው ካየን ሄዶ፣ ለፓሪስ በተስተካከለ ርዝመት የሚወዛወዝ ሰዓት በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደኋላ እንደሚቀር አስተዋለ። ፔንዱለሙን በሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ማሳጠር ነበረበት። ኒውተን ኋላ የምድርን ቅርጽ ሲያስረዳ ይህን ልኬት ተጠቅሞበታል። ያው የፓሪስ ሰዓት አዲስ አበባ ቢመጣ በቀን የሚዘገየው ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። የእኛ ክርና ጓጉንቸር ግን በ9.77 እና በ9.80 መካከል ያለውን ለመለየት አቅም የለውም። ስለዚህ «9.75፣ ምናልባት 0.1 ከፍ ወይም ዝቅ» ብሎ መጻፍ ነው።

መልሱ ከዚህ በጣም ከራቀ ቁጥሩ ራሱ ጥፋቱን ይጠቁማል። በ80 ሳንቲ ሜትር ክር 10.8 የመጣለት ሰው ሰዓቱን ሲጫን «አንድ» ብሎ ጀምሯል፤ ሃያ ያለው አሥራ ዘጠኝ ነው። 9.4 ከሆነ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ እስከ ቋጠሮው ብቻ የተለካ ርዝመት፣ ወይም 30 ዲግሪ ድረስ ተስቦ የተለቀቀ ቁልፍ። ሁለቱም ቁጥሩን በእኩል ያህል ስለሚያወርዱ በማየት አይለዩም። ቁልፉን በጥቂቱ ብቻ ስቦ እንደገና መቁጠር ያስፈልጋል። መልሱ ወደ 9.7 ከተጠጋ ጥፋቱ የስፋቱ ነበር፤ 9.4 ላይ ከቀረ ሜትሩን ይዞ ወደ ክሩ መመለስ ነው።